ሲሄዱ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 20 ሰዓት

ዛሬ የምናወጋው ስለ አንድ የወረቀት እንቈቅልሽ ነው። ወረቀቱ የአይሮፕላን ቲኬት ነው። ከጊንጪ ተነሥታ ወደ አሜሪካ የምትሄድ እኅት አለችዎ እንበል። እርስዎም የመሥሪያ ቤት ሰው ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነዎትና ቲኬቱን አንብቦ ለቤተ ሰብ የማስረዳቱ ኀላፊነት በእርስዎ ላይ ወድቋል። እናትዎ ይጠይቃሉ፤ «ስንት ሰዓት ትበራለች? መቼ ትደርሳለች? መቼስ ትደውላለች?»

ለምሳሌ ያህል ወረቀቱ እንዲህ ይበል፤ ካዲስ አበባ መነሻ 22፡30፤ ዋሽንግተን መድረሻ በማግሥቱ 08፡00። ጣትዎን አጥፈው ቢቈጥሩ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወረቀቱን ገልብጠው የመልሱን ጉዞ ሲያዩ ደግሞ ከዋሽንግተን መነሻ 11፡00፣ አዲስ አበባ መድረሻ በማግሥቱ 07፡00 ይላል። ይህ 20 ሰዓት ነው። መንገዱ ያው፣ አይሮፕላኑም ያው ሆኖ ሳለ መሄጃው 9 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 20 ሰዓት የሆነው ስለ ምንድን ነው? መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው እንዴ?

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባየር ላይና በመካከለኛው ማረፊያ የሚጠፋው ጊዜ ሲቈጠር መሄጃው 16 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 13 ሰዓት ነው። ፈጣን መስሎ የታየው ዘገምተኛ፣ ዘገምተኛ መስሎ የታየውም ፈጣን ነው። ወረቀቱ ግን አልዋሸም። መነሻው የሚጻፈው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻውም የሚጻፈው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነውና ሁለቱን በቀጥታ መቀነስ ብርን ካንዱ ኪስ፣ ዶላርን ከሌላው አውጥቶ በአንድነት እንደ መቍጠር ነው።

ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በራሷ ላይ ትዞራለች። 360 ዲግሪውን ለ24 ቢያካፍሉት ለያንዳንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ ለያንዳንዱ ዲግሪም 4 ደቂቃ ይደርሰዋል። ጊንጪ ካዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ አዲስ አበባን ካየች በኋላ ጊንጪን ለማየት 2 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ለ2 ደቂቃ ብሎ ሰዓቱን የሚለውጥ የለም። ዋሽንግተን ግን 116 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ርቃለች። ይህም በፀሐይ አካሄድ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። መንግሥታት በደቂቃ መነዛነዝ ስለማይወዱ ልዩነቱን ሙሉ ሰዓት አድርገውታል። የእኛ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ይቀድማል፤ የዋሽንግተን በ5 ይዘገያል፤ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ዳሩ ግን አሜሪካኖች ከመጋቢት መባቻ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሰዓታቸውን በ1 ወደ ፊት ስለሚያስኬዱ፣ በነዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ብቻ ነው። የኛ ምሳሌ በነዚህ ወራት የሆነ ነው። ሲሄዱ 7 ይደምራሉ፤ ሲመለሱ 7 ይቀንሳሉ። አለቀ።

አለቀ ብንልም ለፈረንጁ ነው ያለቀው። እኛ ሦስተኛ ሰዓት አለን። የጊንጪ ሰው ቀኑን ከጧት 12 ሰዓት ጀምሮ ይቈጥራል እንጂ ከእኩለ ሌሊት አይጀምርም። ስለዚህ 22፡30 የሚለው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ 08፡00 ከጧቱ 2 ሰዓት፤ 11፡00 ከረፋዱ 5 ሰዓት። 6 ሰዓት መቀነስ ወይም መደመር ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ ላይ ሳይሆን በቀኑ ስም ላይ ነው። እስቲ ከዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ ገንዘብም ቀጠሮም የሚጠፋው እዚህ ነውና።

ቲኬቱ «ዓርብ 00፡30» ይላል እንበል። አንድ ሰው ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» ይለዋል። ትክክል ይመስላል። እኛ ግን «ዓርብ ሌሊት» ስንል ዓርብ ውሎ፣ መሽቶ፣ ከራት በኋላ ያለውን ሌሊት ማለታችን ነው። ፈረንጅ ደግሞ ቀኑን የሚለውጠው በጨለማ፣ እኛ ሌሊት 6 ሰዓት በምንለው ላይ ነው። ስለዚህ የርሱ ዓርብ 00፡30 ለኛ ገና ያልነጋ ኀሙስ ማታ ነው። ዓርብን ውላ ዓርብ ማታ በ3 ሰዓት ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ የምትደርስ ልጅ አይሮፕላኗ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል። ሻንጣው ተሸክፎ፣ ድፎው ተቈርሶ፣ ጎረቤት ሁሉ ስሞ ከሸኛት በኋላ ተመልሳ ጊንጪ መግባቷን ያስቡት። አዲስ ቲኬት ለመግዛት የሚጠየቀው ገንዘብማ ያንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

መድኀኒቱ ግን በቋንቋችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተቀምጧል። አባቶቻችን «ኀሙስ ለዓርብ አጥቢያ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሁለቱን ቀን ባንድ ላይ ስለሚጠራ አያሳስትም። እንግዲህ በቲኬት ላይ ከ00፡00 እስከ 06፡00 ያለ ቍጥር ባዩ ጊዜ ወዲያውኑ በእርሳስ «ለዓርብ አጥቢያ» ብለው ይጻፉበት። ከጊንጪ የሚነሡትም ኀሙስ ከቀትር በኋላ መሆኑን በዚያው ላይ ያስፍሩ። የወሩ ቀን የተጻፈው በፈረንጅ አቈጣጠር መሆኑንም አይርሱ፤ ኦክቶበር 16 ብዙውን ጊዜ በኛ ጥቅምት 6 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ግን ጥቅምት 5 ይሆናል።

አሁን ወደ እናትዎ ጥያቄ እንመለስ። እኅትዎ ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነሥታለች። ወረቀቱን እንዳለ ያነበበ ሰው «ማክሰኞ ጧት 2 ሰዓት ትደርሳለች» ብሎ ይናገራል። እናት ጧት 2 ሰዓት ላይ ስልኩን እፊታቸው አስቀምጠው ይቀመጣሉ። 3 ሰዓት ይሆናል፤ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ቡናው ይፈላል፤ ስልኩ ዝም ነው። በ6 ሰዓት ላይ አንድ ጎረቤት መጥቶ ራዲዮ ስለ አይሮፕላን የተናገረው ነገር እንዳለ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ምሳ የሚበላ የለም። ልጅቷ ግን በዚያ ሰዓት ላይ ባትላንቲክ ውቅያኖስ ሰማይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታለች። አይሮፕላኗ የሚያርፈው በጊንጪ ሰዓት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ነው። ከዚያም ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ አለ፤ ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ የሚቀበላትን ሰው መፈለግ አለ። ስልክ ከ10 ሰዓት ተኩል ወይም ከ11 ሰዓት በፊት ባይደወል ምንም አያስደነግጥም። ይህን አስቀድሞ መናገር የእርስዎ ፈንታ ነው።

የሰዓቱ ነገር ይህን ያህል ከተነገረ፣ ቀሪው ጥያቄ እውነተኛው ጥያቄ ነው። 16 ሰዓት ተኩልና 13 ሰዓት ለምን ተለያዩ? ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም አንድ ነው፤ ባጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎሜትር ያህል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ከመሬታችን ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍ ብላለች፤ ጊንጪም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እናትዎ ይህን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል እንጨት የሚፈጀው ውሃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ስለሚፈላ ነው። ሯጮችም ያውቁታል። ከጊንጪ ብዙም በማይርቀው በጀልዱ የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን 2ኛ ሲወጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተነፍሰው የኖረው ይኸው ስስ አየር ነበር። ለሳንባ ጥሩ አስተማሪ የሆነው አየር ለአይሮፕላን ግን ክፉ አሽከር ነው።

አይሮፕላን የሚነሣው ክንፉ ስለሚያምርለት አይደለም። ክንፉ በአየር ላይ ስለሚደገፍ ነው። የሚደገፍበት አየር ከሳሳ ያንኑ ጭነት ለማንሣት በበለጠ ፍጥነት መንደርደር ያስፈልገዋል፤ በቦሌ ከፍታ ሲሰላ ከባሕር ዳርቻው በ12 ከመቶ ያህል የበለጠ ነው። ሞተሩም አየር ሲያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። እንግዲህ ጉልበቱ ቀንሶ ሳለ የበለጠ ሩጥ ሲባል ማኰብኰቢያው ያልቅበታል። ጤፍ የጫነ ኢሱዙ ዳገት ላይ ሲያቃስት አይተው የለ? የኢሱዙው ሹፌር ማርሹን ቀይሮ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ አይሮፕላን ግን ቀስ ብሎ መነሣት አይችልም። ያለው ምርጫ ሸክሙን መቀነስ ብቻ ነው። ሰው እንዳይቀነስ ቲኬት ገዝቷል። ዕቃው እንዳይቀነስ በርበሬውና ሽሮው ሁሉ የሰው አደራ ነው። ስለዚህ ነዳጁ ይቀነሳል። ለረዥም ጉዞ የሚጫነው ነዳጅ በአሥሮች የሚቈጠር ቶን ነውና ከዚያ ላይ ሲቀነስ አይሮፕላኑ ቀለል ብሎ ይነሣል፤ ነገር ግን አሜሪካ አይደርስም። በመንገድ ላይ ወርዶ መሙላት አለበት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ መብረር ከጀመረበት ከፈረንጆች 1998 ዓ.ም. ወዲህ ይህ የመካከል ማረፊያ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ሮማም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ከዋሽንግተን ሲነሣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው፤ አይሮፕላኑ ሆዱን ሞልቶ ይነሣና ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ወደ ከፍታ አገር ሲደርስም ነዳጁ አልቆ ቀሎ ስለሆነ ማረፉ አያስቸግረውም።

ከዚህ ላይ ካርታ የሚወድ ተማሪ ይነሣና፣ «ደብሊን አየርላንድ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ሎሜ ደግሞ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ናት፤ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ሎሜ አይቀርበውም?» ብሎ ይጠይቃል። በግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ ካኖሩ በርግጥ እንደዚያ ይመስላል። ማስመሪያው ካዲስ አበባ ተነሥቶ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል። ካርታ ግን ክቡን ምድር እንደ ቆዳ ወጥሮ ያዘረጋ ወረቀት ነው። በትምህርት ቤትዎ ሉል ካለ አንድ ክር ይውሰዱና ባንድ ጫፉ አዲስ አበባን፣ በሌላው ዋሽንግተንን ይዘው ወጠር ያድርጉት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን አልፎ የእስፓኝን ደቡብና ፖርቱጋልን ነክቶ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። አጭሩ መንገድ ያ ነው። ደብሊንም ለዚህ ክር ጎረቤት ናት። ካዲስ አበባ ደብሊን 6,360፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,470 ኪሎሜትር ያህል ቢሆን ድምሩ ከቀጥታው የሚበልጠው ከ300 ኪሎሜትር ባነሰ ነው። በሎሜ በኩል ግን 1,200 ኪሎሜትር ያህል ይረዝማል። ሎሜ የምትመረጠው መንገዱ አጭር ስለሆነ ሳይሆን የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ እዚያ ስለሚገኝ ነው።

ለጊንጪ ሰው ግን የሎሜው መንገድ ሌላ ጣዕም አለው። ያንኑ ክር ከቦሌ ወደ ሎሜ ቢወጥሩት ልክ እንዳምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ይሄድና ከጊንጪ በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎሜትሮች ብቻ ርቆ ያልፋል። አይሮፕላን እንደ ክር አይሄድም፤ የተመደበለትን ያየር ጐዳና ይከተላል። የሆነ ሆኖ የጊንጪ ልጅ ወደ ሎሜ ስትበር ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ የመጣችበትን መንገድ በሌሊት ባየር ላይ የምትመለስበት ያህል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አይሮፕላኖች በሚሄዱበት ከፍታ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎሜትር ባለው ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የነፋስ ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። ካትላንቲክ በላይ በተለይ በክረምታቸው ወራት ኀይለኛ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣውን ከኋላው እየገፋ ያመጣዋል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይይዘዋል። ነፋሱ ባማካይ 50 ኪሎሜትር በሰዓት ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ 900 የሚበረው አይሮፕላን ሲሄድ 850፣ ሲመለስ 950 ይሆናል። 11,500ን ለሁለቱም ያካፍሉት፤ ሲሄድ 13 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለስ 12 ሰዓት ከጥቂት ይወጣዎታል። ወደ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ልዩነት ነፋሱ ብቻውን አመጣ። በማረፊያው ቆሞ ነዳጅ የሚሞላበትን አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይጨምሩበት፤ ለመውረድ፣ እንደገና ለመውጣትና ለመንገዱ መዞር ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይጨምሩ። የጐደለው 3 ሰዓት ተኩል በግምት ይኸው ተገኘ።

ሦስተኛ ምክንያት ብለው ብዙ ተማሪዎች የሚያቀርቡት ግን ምክንያት አይደለም። «ምድር ወደ ምሥራቅ ከዞረች፣ ወደ ምዕራብ ለሚበር አይሮፕላን ምድሪቱ ራሷ እየመጣችለት መንገዱ ማጠር ነበረበት» ይላሉ። ነገሩ እውነት ቢሆን እንዴት በተመቸን! ሄሊኮፕተር ጊንጪ ላይ ተነሥቶ ባንድ ቦታ ተንሳፎ 2 ሰዓት ተኩል ቢቈይ ሎሜ ከሥሩ ትደርስለት ነበር። ዳሩ ግን አየሩም ከምድር ጋራ ይዞራል። ከጊንጪ በሚነሣ አውቶቡስ ውስጥ የገባች ዝንብን ያስቡ። አውቶቡሱ ሆለታ ሲደርስ ዝንቢቱም ሆለታ ናት፤ የኋላ መስተዋት አልደቈሳትም። የተሳፈረችው ባውቶቡሱ አየር ውስጥ ነውና። እኛም አይሮፕላናችንም እንዲሁ ነን።

ታሪክ ለሚወድ አንባቢ ጥቂት ልጨምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አይሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ሲ 47 ሲሆን መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱ በመካከል ይታሰራል። ፍጥነቱ በሰዓት 270 ኪሎሜትር ገደማ ስለ ነበረ ለካይሮ 2,470 ኪሎሜትር የበረራው ጊዜ ብቻ ሲሰላ ከ9 ሰዓት አያንስም። ዛሬ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሲመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃ ብሎ ቦሌ ተሠራ። ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ያ የ1955ቱ ጄትም ዛሬ የምንሳፈርበት ድሪምላይነርም የሚበሩት በሰዓት 900 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ከ60 ዓመት በላይ አልፎ ፍጥነቱ አልጨመረም። የጨመረው ሳያርፍ የሚሄድበት ርቀት ነው። ስለዚህም ዛሬ የጉዞን ጊዜ የሚያሳጥረው የሞተር ሩጫ ሳይሆን የማረፊያ መቅረት ነው።

የቦሌው ከፍታ ያመጣውን ችግር ለማቃለል ከታሰቡት ነገሮች አንዱ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ የተወጠነው አዲስ የአይሮፕላን ማረፊያ ነው። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። 400 ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን አየሩ በዚያው ልክ ስለሚወፍር አይሮፕላኑ የበለጠ ነዳጅ ይዞ ሊነሣ ይችላል። የዋሽንግተን መንገደኛም አንድ ቀን ሎሜ ወይም ደብሊን ላይ ሳይወርድ ይሄድ ይሆናል።

ለጊንጪ መንገደኛ ግን ሒሳቡ ሁለት ፊት አለው። ከጊንጪ አዲስ አበባ 80 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ጄት በ5 ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። ኦሎንኮሚን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን፣ መናገሻንና ቡራዩን አልፎ ለሚመጣው አውቶቡስ ግን 2 ሰዓት ቢፈጅ ጥሩ ነው። ከተማው የሚገባው በምዕራብ ነው፤ ቦሌ ያለችው በምሥራቅ ነው፤ በመካከል ያለው የአዲስ አበባ ጐዳና በመጨናነቁ ቀን ሌላ 1 ሰዓት ይበላል። ለውጭ አገር በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ደግሞ ደንብ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የምትነሣው ልጅ ከቀትር በኋላ ቢዘገይ በ10 ሰዓት፣ ልብ ለማሳረፍ ግን በ8 ሰዓት ከጊንጪ መናኸሪያ መነሣት አለባት። አቡሴራ ሲከፈት ደግሞ ከተማውን አቋርጦ ወደ 40 ኪሎሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ መንገድ ይጠብቃታል። በጉዞው 2 ሰዓት ያህል አትርፋ በምድር ላይ 1 ሰዓት ትከፍላለች ማለት ነው። ያን ጊዜ በእርሳስ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት ከቀኑ 7 ይሆናል፤ ምሳም ከቤት ተበልቶ፣ ስንቅም ተይዞ።